የንባብ ክበብ በስልክ፦ ሰው ከቤት በማይወጣበት ጊዜ እንዴት ይቀጥላል?

ክበብ ወደ ቴሌግራም ሲገባ የመጀመሪያው ሳምንት ይሞቃል። በሁለተኛው ግማሹ ይመጣል። በሦስተኛው ሁለት ሰዎች እርስ በርስ ያወራሉ፣ ሌላው ዝም ብሎ ያዳምጣል ወይም ጭራሽ አይከፍተውም። ሁልጊዜ የሚወቀሰው ኔትወርክ ነው፤ ከኔትወርክ በላይ ክበብ የሚገድለው ግን ይሉኝታ ነው። የተመደበውን ምዕራፍ ያልጨረሰ ሰው «ሳላነብ ገብቼ ምን ልል ነው» ብሎ ይቀራል፤ አንዴ የቀረ በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ምዕራፍ ይጎድለዋል፤ ከዚያ በኋላ መመለሱ ይከብደዋል። በሰላሙ ጊዜ ይህን ቡና ላይ ተሣሥቆ ማለፍ ይቻላል። በወረርሽኝ፣ በሰዓት እላፊ ወይም በጦርነት ወሬ መሀል ግን ያልጨረሰው ይበዛል፤ ዓይን መስመሩ ላይ እያለ ልብ ዜና ላይ ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር በሙሉ ሳያነብ የመጣ ሰው አፍሮ እንዳይቀር ታስቦ የተዘጋጀ ነው።

1. ሰውና ሥራ

ከ8 እስከ 12 ሰው ይበቃል። ከ12 ካለፈ ከአንዱ ሰዓት ለውይይት በሚቀረው 30 ደቂቃ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም፤ ሳይናገር የወጣ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው መቅረቱ ማንም የማያስተውለው ይመስለዋል። ብዙ ሰው ከተመዘገበ ለሁለት ክፈሉና አንድ መጽሐፍ አንብቡ።

ሦስት ኃላፊነት አለ። አስተባባሪው መርሐ ግብሩን ያወጣል፣ ማስታወሻ ይልካል። የዕለቱ መሪ በየሳምንቱ ይቀያየራል፤ ውይይቱን የሚመራው እሱ ነው። ሦስተኛው ደዋይ ነው፣ የክበቡ ዕድሜ ያለውም እዚህ ሰው እጅ ላይ ነው። የደዋይ ሥራ ለቀረ ሰው መደወል ብቻ ነው። ይህን ለአስተባባሪው ደርባችሁ አትስጡ፤ መርሐ ግብር የሚያወጣ ሰው ሲደውል የደወለው ሊቆጣጠር ይመስላል። ሰው የሚቀርበው፣ ጨዋታ የሚችል፣ ምሥጢር የሚጠብቅ አባል ምረጡ።

2. መጽሐፉን መምረጥ

በጭንቅ ጊዜ ከ200 ገጽ የማይበልጥ መጽሐፍ ይመረጣል። ከልብ ወለድ ይልቅ የአጫጭር ታሪኮች ስብስብ ይሻላል፤ እያንዳንዱ ታሪክ በራሱ ስለሚያልቅ ባለፈው እሑድ የቀረ ሰው ዛሬ እኩል ሆኖ ይገባል።

ረጅም ልብ ወለድ የምትፈልጉ ከሆነ በድምፅ የተተረከ ምረጡ። «ፍቅር እስከ መቃብር» ለምሳሌ ከ500 ገጽ ያልፋል፤ ነገር ግን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው ስላለ መጽሐፉ የሌለው፣ ዓይኑ የደከመ ወይም ቀኑን ሙሉ ቤት ሲያጸዳ የሚውል አባል እያዳመጠ ይከተላል። ማዳመጥ እንደ ማንበብ እንደሚቆጠር ከመጀመሪያው ተናገሩ። አለበለዚያ ያዳመጠው «እኔ እንኳ አላነበብኩም» እያለ ይሸማቀቃል።

ስለ ወረርሽኝ፣ ስለ እልቂትና ስለ ስደት የሚተርክ መጽሐፍ ከቀረበ ስም በማይታይበት የቴሌግራም ምርጫ ድምፅ አሰጡ። ፊት ለፊት ከተጠየቀ ቤተሰቡ አደጋ ላይ ያለ ሰው እንኳ «ለእኔ ግድ የለም» ይላል። ከ12 አባል ሁለት «አይሆንም» ካሉ መጽሐፉ ይቅር፤ እዚህ ላይ በአብላጫ ድምፅ አትሂዱ።

3. መጽሐፉን ማዳረስ

አዲስ አበባ ያለው ከለገሃርና ከአራት ኪሎ መደብሮች ወይም ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ያገኛል፤ ሪያድ ወይም ፍራንክፈርት ያለው አያገኝም። ብዙ ክበብ እዚህ ላይ ሙሉ መጽሐፉን በስልክ ፎቶ አንሥቶ በፒዲኤፍ ይለቃል። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት መብቱ ደራሲው በሕይወት እያለም ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመትም የተጠበቀ ነው። ከሕጉ በላይ ደግሞ አማርኛ መጽሐፍ በጥቂት ሺህ ቅጂ የሚታተምበት ገበያ ውስጥ አንድ የተበተነ ፋይል ደራሲውን በቀጥታ ይጎዳል።

መፍትሔው ሦስት ነው። መጽሐፉ ከመጀመሩ ስድስት ሳምንት በፊት ወስኑ፤ መንገደኛ ሲገኝ ይላካል፣ ዘመድ ይይዛል። ደራሲው በሕይወት ካሉ በማኅበራዊ ገጻቸው ጻፉላቸውና ኤሌክትሮኒክ ቅጂ ለመግዛት ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ይመልሳሉ፣ አንዳንዶቹ በመጨረሻው ውይይት ላይ ለመገኘትም ፈቃደኛ ናቸው። ሁለቱም ካልሆነ አባላት በተራ በውይይቱ ላይ እያነበቡ ይሂዱ፤ ይህ ከታች ይመጣል።

አንድ ነገር አትርሱ፦ የተለያየ እትም የያዙ አባላት የገጽ ቁጥራቸው አይገጥምም። «እስከ ገጽ 60» ብላችሁ ከመደባችሁ ግማሹ ያልተደረሰበትን አንብቦ ታሪኩን ያበላሻል። ሁልጊዜ በምዕራፍ መድቡ፤ ምዕራፍ ከሌለው መቆሚያ የሚሆነውን ዐረፍተ ነገር የመጀመሪያ አምስት ቃላት ጽፋችሁ ላኩ።

4. መከፋፈል

በቀን 10 ገጽ፣ በሳምንት አምስት ቀን። ከዚህ አትለፉ። 200 ገጽ መጽሐፍ አራት ሳምንት ይወስዳል፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት መሀል አዲስ ንባብ የሌለበት አንድ ሳምንት አስገቡና በድምሩ አምስት ይሁን። ባዶው ሳምንት ወደ ኋላ የቀረው የሚደርስበት ነው። መጨረሻ ላይ ብታደርጉት አይጠቅምም፤ የዘገየው ሰው እስከዚያ አይቆይም።

ፈጣን አንባቢዎች ይህ ያንገሸግሻቸዋል። ይሮጡ፤ ያልተደረሰበትን ግን ቡድኑ ውስጥ አያውሩ። ቴሌግራም ላይ ጽሑፉን መርጦ «ስፖይለር» የሚለውን መንካት ይቻላል፤ የሚፈልግ ብቻ ገልጦ ያነበዋል።

5. ቀንና ሰዓት

አባላት በየአገሩ ከሆኑ እሑድ በአዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ብዙዎችን ያስማማል። ሪያድም ያው ነው፤ ዱባይ ከምሽቱ 3 ሰዓት። ቴል አቪቭ በበጋ ሰዓታቸው ከአዲስ አበባ እኩል ነው፣ በክረምት ሰዓታቸው ከምሽቱ 1 ሰዓት። ፍራንክፈርት በበጋ 1 ሰዓት፣ በክረምት 12 ሰዓት። ዋሽንግተን ዲሲ በበጋ ቀን 7 ሰዓት፣ በክረምት ቀን 6 ሰዓት ላይ ይውላል፤ እዚያ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ሰው መኪና ውስጥ ሆኖ ስለሚገባ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጥያቄ አትጠይቁት። ቅዳሜን የምትመርጡ ከሆነ እስራኤል ያሉ ሰንበት ጠባቂ አባላትን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ችግሩ ሰዓት አጻጻፍ ላይ ነው። «በ8 ሰዓት» ተብሎ ሲጻፍ አዲስ አበባ ያለው ከቀትር በኋላ ይገባል፣ ዲሲ ያለው በፈረንጅ ሰዓት ቆጥሮ ሌላ ጊዜ ይጠብቃል። ማስታወሻው ላይ የአገሩን ሰዓትና የፈረንጁን ሰዓት ጎን ለጎን ጻፉ፣ ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር። በተለይ ተጠንቀቁ፦ አሜሪካ ሰዓቷን የምትቀይረው በፈረንጆች መጋቢት ሁለተኛ እሑድና በኅዳር የመጀመሪያ እሑድ ነው፤ አውሮፓ ግን በመጋቢትና በጥቅምት የመጨረሻ እሑድ። በመሀል ባሉት ሳምንታት ልዩነቱ ይዛባል፣ ኢትዮጵያም ሰዓት ስለማትቀይር ሁሉም እኔ ልክ ነኝ ይላል። ለእነዚያ ሳምንታት ዐርብ ማታ ልዩ ማስታወሻ ይላክ።

በሰሙነ ሕማማት አትሰብሰቡ። በረመዳን ምሽት 2 ሰዓት ከተራዊሕ ሶላት ጋር ስለሚጋጭ ሙስሊም አባላት የሚመርጡትን ሰዓት ተከተሉ።

6. መገናኛው

ለአብዛኛው የኢትዮጵያ አባል የቴሌግራም ቮይስ ቻት (የቡድን የድምፅ ጥሪ) ይሻላል። ስልኩ ላይ አለ፣ መጠቀሚያው ይታወቃል፣ ካሜራ ካልተከፈተ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ዳታ አይጨርስም። በምስል መሰብሰብ በሰዓት ከግማሽ ጊጋባይት በላይ ሊበላ ይችላል፤ ድምፅ ብቻ በአሥሮች የሚቆጠር ሜጋባይት ነው። ምስል ሌላም ጣጣ አለው፦ ሰው ቤቱን ማሳየት አይፈልግም፣ በአንድ ክፍል ከቤተሰቡ ጋር የሚኖር ደግሞ አይችልም። ካሜራ ግዴታ አይሁን። እንዲያውም ባይኖር ይመረጣል።

ነፃው ዙም በ40 ደቂቃ ይቆረጣል፤ ነፃው ጎግል ሚት ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው ሲኖር በ60 ደቂቃ። በዙም ከተሰበሰባችሁ ሰላምታው ጊዜውን እንዳይበላ በቴሌግራም ቀድማችሁ ሰላም ተባባሉና ግቡ።

ኤምሬትስ ያሉ አባላት በዋትስአፕም ሆነ በቴሌግራም ጥሪ ማድረግ አይሆንላቸውም፤ ዙምን የመሰሉ የተፈቀዱ ጥቂቶች ይሠሩላቸዋል፣ የድምፅ መልእክትም ይደርሳቸዋል። «ቪፒኤን ጫኑ» ብላችሁ አትምከሯቸው፣ መዘዙ እነሱ ላይ ነው። በሰው ቤት የምትሠራ እህት ስልኳን የምታገኘው ሥራ ሲያልቅ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ለእሷ ውይይቱ ተቀድቶ ይቀመጥላት። ቮይስ ቻት የከፈተው አስተዳዳሪ መቅዳት ሲጀምር ለሁሉም ይታወቃል፣ ሲያልቅ ፋይሉ አስተዳዳሪው ለራሱ መልእክት በሚያስቀምጥበት «ሴቭድ ሜሴጅስ» ውስጥ ይቀመጣል። ከመቅዳታችሁ በፊት ጠይቁ፤ አንድ ሰው «አይቀዳ» ካለ አይቀዳም፣ በምትኩ መሪው ባለ ሦስት ደቂቃ ማጠቃለያ በድምፅ ይላክ።

ዳታ የሌለው አባል «ዳታ የለኝም» አይልም፤ «ኔትወርክ አስቸገረኝ» ነው የሚለው። የዳታ ጥቅል በስጦታ መላክ ይቻላል፤ ደዋይ በውስጥ ይላክለት፣ ቡድኑ ውስጥ አይወራ።

7. የእሑዱ አንድ ሰዓት

የመጀመሪያዎቹ 8 ደቂቃዎች ለሰላምታ ናቸው። «ጊዜ እንቆጥብ» ብላችሁ አትቁረጡት። ተዘግቶ ለሰነበተ ሰው «እንዴት ከረማችሁ፣ ልጆቹስ» መባል ከመጽሐፉ እኩል የመጣበት ጉዳይ ነው።

ከዚያ መሪው በ5 ደቂቃ ታሪኩን እዚህ ደርሷል ብሎ ይተርካል። ላነበበው ማስታወሻ፣ ላላነበበው መግቢያ ነው።

ቀጥሎ የዕለቱ ገጽ ይነበባል። መሪው አስቀድሞ ከመረጠው ክፍል አንድ ገጽ አንድ አባል ጮክ ብሎ ያነባል፤ እንደ ፊደሉ መጠን 2 ወይም 3 ደቂቃ ይወስዳል። የውይይቱ ጥያቄዎች በሙሉ ከዚህ ገጽ ይነሡ። የዚህ መመሪያ ልብ ይህ ነው፦ ገጹን አሁን ሁሉም ሰምቶታልና ሳያነብ የመጣውም የሚለው አለው። ያነበበው ደግሞ ከሌላው ምዕራፍ እያገናኘ ያሰፋዋል። መሪው ገጽ ሲመርጥ ክርክር ወይም ንግግር ያለበትን ይውሰድ፤ ረጅም የመልክዓ ምድር ገለጻ በስልክ ድምፅ አይያዝም።

ከዚያ 30 ደቂቃ ውይይት ነው። «መጽሐፉን እንዴት አገኛችሁት?» አትበሉ፤ መልሱ «ጥሩ ነው» ብቻ ይሆናል። የሚሠሩት ጥያቄዎች ጠበብ ያሉ ናቸው፦ በዚህ ገጽ ላይ የዋሸው ማን ነው? ለማን ብሎ? ከእነዚህ ሰዎች የትኛውን ቤታችሁ አስገብታችሁ ቡና ታጠጣላችሁ፣ የትኛውን ደጅ ላይ ታነጋግራላችሁ? ሁለት ጊዜ ያነበባችሁት ዐረፍተ ነገር የቱ ነው? ሦስት ጥያቄ ይበቃል፣ አራተኛው ላይ አትደርሱም።

በስም እየጠራችሁ አናግሩ። በድምፅ ብቻ ሲሆን ማን ሊናገር እንደተዘጋጀ አይታይም፤ «ሐሳብ ያለው?» ሲባል የሚደፍረው ያው አንዱ ነው። ጥሪውን ከታናሽ ጀምሩ። በእኛ ወግ ትልቅ ሰው ይቀድማል፣ ነገር ግን ጋሼ አስቀድመው «ይህ ሰው ከሃዲ ነው» ካሉ የ20 ዓመቷ ልጅ ተቃራኒውን አትናገርም። ከታናሽ እንደምትጀምሩ መጀመሪያ ለታላላቆቹ በግል አስረዷቸው፤ ፈቅደው ሲሆን ክብራቸው አይነካም። የተጠራው ሰው ዝም ካለ እስከ ሰባት ቁጠሩ። ግማሹ ዝምታ ማይክ መክፈቻውን መፈለግና የኔትወርክ መዘግየት ነው። ከዚያ «እሺ፣ በኋላ እንመለሳለን» ብላችሁ እለፉ፤ መመለስም አትርሱ።

ወሬ የማይጨርስ አባል ሲኖር በመሀል ማይኩን አትዝጉበት። «ጋሼ፣ ይህቺን ነጥብ እንያዛትና እትዬን እንስማቸው» ማለት ይበቃል። ክርክሩ ከመጽሐፉ ወጥቶ ወደ ብሔርና ወደ ፓርቲ ከሄደ «የትኛው መስመር ነው ይህን ያሳሰበህ?» ብላችሁ ወደ ገጹ መልሱት። መስመር ካላገኘ ጉዳዩ የመጽሐፉ አይደለም። በጦርነት ጊዜ ሁለት አባላት በተቃራኒ ወገን ዘመድ ሊኖራቸው ስለሚችል መሪው ይህን ለመናገር ማፈር የለበትም።

የቀረው ደቂቃ የሚቀጥለውን ክፍል፣ መሪውንና አንባቢውን ለመሰየም ነው። ሰዓቱ ሲሞላ ዝጉ። የፈለገ ቆይቶ ይጫወት፤ መርሐ ግብሩ ግን አልቋል ይባል፣ ነገ ማለዳ ሥራ ያለው ሰው ሳያፍር እንዲወጣ።

8. በሳምንቱ መሀል

ቡድኑ ውስጥ ዜና አይለጠፍ። ሰዎች ከሁሉ አብዝተው የሚጥሱት ሕግ ይህ ነው። የተቃጠለ ቤት ምስል የታየበት ቡድን ውስጥ ከዚያ በታች የሚለጠፍ የምዕራፍ ማስታወሻ አይነበብም፤ ሰውም ቡድኑን ድምፅ ዘግቶ ይተወዋል፣ ከዚያ በኋላ የእሑዱ ጥሪም አይደርሰውም። ለዜናና ለወሬ ሌላ ቡድን ክፈቱና የለጠፈውን ወደዚያ ውሰዱት።

የድምፅ መልእክት ከሁለት ደቂቃ አይለፍ። ረቡዕ አንድ ጥያቄ፣ ቅዳሜ አንድ ማስታወሻ፤ ሌላ አትጨምሩ።

የቀረን ሰው ደዋይ እስከ ማክሰኞ ያነጋግረዋል። አንድ እሑድ ለቀረ ጽሑፍ ይበቃል። «ለምን ጠፋሽ?» ክስ ነው። «ሰላም ነሽ ወይ እህቴ? እሑድ ምዕራፍ 4 ላይ ነን። አንድ ገጽ ጮክ ብለን ስለምናነብ ሳታነቢም ብትመጪ ትደርሺበታለሽ» ይባል። ሁለት እሑድ የቀረ ይደወልለታል፤ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ይነሣ፣ ካልተነሣም ግድ የለም። ሦስተኛው ላይ «ለጊዜው አዳማጭ ሁን» የሚል ሐሳብ ይቅረብለት፦ ጥያቄ አይጠየቅም፣ ተራ አይደርሰውም፣ ከቡድኑም አይወጣም።

9. ኀዘንና ክፉ ሳምንት

አባል ዘመድ ሲሞትበት፣ ሰውም ልቅሶ መድረስ ባልቻለበት ጊዜ፣ የዚያ እሑድ መጀመሪያ ለእሱ ይሁን። በተራ እያንዳንዱ በራሱ ቃል ያጽናናው፤ ጽሑፍ ከመለጠፍ ይልቅ ድምፅ ይሻላል። ከዚያ ይቀጥል ወይስ ይቁም ብላችሁ በቡድኑ ፊት አትጠይቁት፣ «እኔ አልከለክላችሁም» ከማለት ሌላ መልስ የለውም። ደዋይ ቀድሞ በግል ይጠይቀው።

መላ አገሩን የሚያስደነግጥ ነገር በተሰማበት ቀን ስብሰባውን አትሰርዙ፣ አሳጥሩት። 20 ደቂቃ፦ ሰላምታ፣ አንድ ግጥም ወይም አንድ ገጽ፣ ስንብት። የተሰረዘ እሑድ ሌላ የተሰረዘ እሑድ ያስከትላል።

አንድ አባል መኖር እንደሰለቸው የሚያመለክት ነገር ከተናገረ በቡድኑ ውስጥ ምክር አታዝንቡበት። ደዋይ ወዲያው ለብቻው ይደውል፣ ቅርቡ ያለ ሰው እንዲደርስለት ያድርግ፣ ወደ ሕክምና ይምሩት፤ አዲስ አበባ ላይ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። የንባብ ክበብ አቅሙ እዚህ ድረስ ነው።

10. ኢንተርኔት ሲቋረጥ

ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ይህን ክፍል አይዘለውም። ዝግጅቱ ከመቋረጡ በፊት ነው።

የአራት ሳምንት ምድብና የሁሉም ስልክ ቁጥር በወረቀት ላይ በየቤቱ ይኑር፤ ቴሌግራም ላይ የተሰካ ማስታወሻ በዚያ ቀን አይከፈትም። የስልክ ሰንሰለት ሥሩ፦ አስተባባሪው ለሦስት ሰው ይደውላል፣ ሦስቱ የቀሩትን ስምንት ይካፈላሉ፤ 12 አባል በአንድ ምሽት ይዳረሳል። በአጭር የጽሑፍ መልእክት ከሆነ በፊደላችን የሚጻፍ አንድ መልእክት 70 ሆሄ ብቻ ይይዛል፤ ካለፈ እንደ ሁለት ይቆጠራል። «እሑድ ማታ 2 ሰዓት። ምዕራፍ 5 ብቻ። ሳታነቡም ደውሉ።» ይበቃል።

ስብሰባው በጥንድ ይሆናል። በተለመደው ሰዓት አገር ውስጥ ያሉት ጥንድ ጥንድ ሆነው በመደበኛ ስልክ ይደዋወላሉ፣ አንዱ ለሌላው ያንኑ ገጽ ያነባል፣ አንድ ጥያቄ ይወያያሉ፤ 15 ደቂቃ። ፈጣን አንባቢን ወደ ኋላ ከቀረ ሰው ጋር አጣምሩ፣ በየሳምንቱም ቀያይሩ። ውጭ ያሉት በራሳቸው ያንኑ ምዕራፍ ይዘው ይቀጥሉ፤ ወደፊት ግን አይሩጡ። መስመሩ ሲመለስ የመጀመሪያው እሑድ አዲስ ንባብ አይኑረው፣ እያንዳንዱ ጥንድ የተባባለውን ያካፍል።

11. መጽሐፉ ሲያልቅ

የሚቀጥለውን መጽሐፍ የመጨረሻው ውይይት ከመድረሱ ሁለት ሳምንት በፊት ምረጡ። በመጽሐፍና በመጽሐፍ መካከል ከሁለት ሳምንት በላይ ባዶ ከተተወ ክበቡ እንደገና የመመሥረት ያህል ይለፋል። ሥራ የበዛበት ሰው እዚህ ላይ በክብር ይሰናበት፤ «ይህን ጨርሻለሁ፣ የሚቀጥለውን አልችልም» ማለት እንደሚቻል ካወቀ ለሦስተኛው መጽሐፍ ይመለሳል።

ቁጥሩ ወደ አራት ከወረደ አዲስ ሰው ለማሰባሰብ አትጣደፉ። ቮይስ ቻቱን ወይም ዙሙን ተዉትና በስልክ የቡድን ጥሪ ሁሉንም በአንዴ አገናኙ፣ ሰዓቱን ወደ 40 ደቂቃ አውርዱ፣ አንድ ሙሉ አጭር ታሪክ በተራ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ከዚያ መጽሐፍ በኋላ እያንዳንዱ አንድ ሰው ቢጋብዝ ስምንት ትሆናላችሁ።